መሬቴን አንሺልኝ

ቆቦ ያስተማርኩበትን ዘመን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ሰማዩ ነው። ያደግኩት ጎጃም ነው፤ እዚያ ደመና ከአናታችን ላይ አይጠፋም፤ ቀና ብሎ የሚያየውም አልነበረም። የራያ ሜዳ ግን ሰፊ ነው። ከሰዓት በኋላ ከዞብል ተራራ ጀርባ ደመና ተነስቶ ጥላው በማሽላው ላይ እየሄደ ወደ ከተማው ሲመጣ ልቤ ይፈነጥዛል። ወንድሜ በሰጠኝ ካሜራ ያንን አነሳለሁ፤ ፊልሙን አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ደሴ ወስዶ ያሳጥብልኛል። አከራዬ፣ ሽማግሌ ነጋዴ፣ "ሰው የሌለበት ፎቶ ምን ይሠራል?" እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ወተት የምታመጣልኝ የገጠር ሴት ግን አትስቅም። ቅሏን አስቀምጣ ፎቶዎቹን ታገላብጣለች። "ይቺ በሮቢት በኩል ናት" ትላለች። "ይሄ ደመና ዘንቧል፤ ያኛው ግን አታሎናል።" በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ፤ እሷ ደግሞ እታለም ትለኛለች።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። በልጉም፣ ክረምቱም። ደመናው ይመጣል፣ ይጠቁራል፣ ነፋስ በትኖት ይሄዳል። መጀመሪያ ወተቱ አነሰ፤ ኋላ ላሚቱ ሞተች። ክፍሌ ውስጥ ባዶ ወንበር በዛ። ከየገጠሩ የመጣው ሰው አውራ ጎዳናው ዳር ተኮልኩሎ የእርዳታ መኪና ሲጠብቅ ይውላል። ካሜራዬን ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። እንዲያ ባለ ጊዜ ሰማይ ማንሳት አሳፈረኝ፤ ሰዎቹን ማንሳት ደግሞ የባሰ።

አንድ ጠዋት ሴትየዋ ባዶ እጇን መጣች። ጉንጯ ሰርጉዷል።

"እታለም፣ ልንሄድ ነው። አዋሽ በኩል የጥጥ ለቀማ አለ ብለውናል። መሬቴን አንሺልኝ።"

"አንቺንና ልጆቹንስ?"

"እኛንማ አታንሺን። እንዲህ ሆነን አንታይ። መሬቱን ብቻ።"

ካሜራዬን ከሳጥኑ አውጥቼ አብረን ወጣን። ማሳው ተሰነጣጥቋል፤ ዳር ላይ አንድ ግራር ቆሟል። ባሏ ቆፈን እንደያዘው ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ከግራሩ ሥር ተቀምጧል። እሷ ክንዴን ይዛ ወዲህ ወዲያ አዞረችኝ።

"ከዚህ አንሺ፤ ዞብል ይግባበት።"

ካሜራውን ወደ ዓይኔ ሳስጠጋ ከለከለችኝ። "ትንሽ ቆዪ። ያቺ ደመና ትድረስ።"

ጠበቅን። አንዲት ትንሽ ደመና ቀስ ብላ መጣች፤ ጥላዋ ማሳው ላይ አረፈ። "አሁን!" አለችኝ። እንደ ልጅ ጮኸች። ከብዙ ወራት በኋላ ያየሁት የመጀመሪያ ፈገግታዋ ነበር።

ፎቶው ከደሴ ሲመለስ እነሱ ሄደዋል። በገበያ ቀን ከሰፈሯ የመጣ ሰው ሳገኝ እጠይቃለሁ፤ ወሬዋን የሚያውቅ የለም። ዝናብ ተመለሰ። እኔም ካሜራዬን እንደገና አወጣሁ፤ ግን ደመና ባየሁ ቁጥር "ዘንቧል፣ አልዘነበም" የሚለኝ ሰው አጣሁ።

ማሽላው ባሸተበት ወር በሬ ተንኳኳ። ሁለት ልጆቿን ይዛ ቆማለች። ተቃቅፈን አለቀስን። ባሏን ወባ እዚያው አዋሽ አስቀርቶታል።

ፎቶውን ሰጠኋት። ረጅም ጊዜ አየችው።

"ምነው እሱም ባየው" አለች። ቀጥላም፣ "አልሐምዱሊላህ፣ መሬቱ አለ። ወንድሜ ዘርቶልኛል። ነይ እንሂድ።"

ማሽላው ከቁመታችን በልጦ ነበር። ልጆቹ ጭራሮ ለቀሙ፣ እሷ እሸቱን ጠበሰች። በመዳፋችን እያሸን፣ ገለባውን እፍ እያልን፣ አፋችን እስኪጠቁር በላን። ያን ቀን ሰማዩ ምን ይመስል እንደነበር አላስታውስም።