በሁሉም ብዜት ውስጥ ያለችው ፊደል

ኩርፊያን በአልጀብራ ፈትታችሁ ታውቃላችሁ? በኬንያዋ ሞያሌ ሆቴል ያላት አስካለ የአገር ልጆችን ለፋሲካ ስትጠራ፣ «እትዬ፣ ኩርፈኞች እንዳይገናኙ ማንን ላስቀር? ብዙ ሰው ማስቀረት አልፈልግም» አለችኝ። ከተሰደድኩ ወዲህ በተማርኩት ሒሳብ ምክር የጠየቀኝ ሰው አልነበረምና ደስ አለኝ። ግብዣውም በዓመት አንዴ ከሰው ጋር የምበላበት ነው።

ለየሰዉ አንድ ፊደል ሰጠሁ። እሷ የተኳረፉትን ስትነግረኝ የሁለቱን ፊደል እያባዛሁ ወለሉ ላይ በጠመኔ ጻፍኩ። በሁሉም ብዜት ውስጥ ያለች ፊደል ከተገኘች፣ ባለቤቷ ብቻ ከግብዣው ስትቀር ጠቡ ሁሉ አብሯት ይወጣል።

ተገኘች። የእኔ ናት።

አስካለ በሳቅ ፈረሰች። «ይቅር ይበሏቸውና ይምጡ!»

ቤቴ ቀረሁ። በፋሲካ ኩርፈኞቼ በሙሉ ዶሮ ወጥ ይዘው በሬን አንኳኩ። እግዜር ይስጣቸው፣ አብረን በላን። ይቅር ግን ማንንም አላልኩም።