ሊንዳ እትዬ ብርቄ ጋ ያስቀመጠችው እምነት

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ግቢው በር ላይ ቆሜ እትዬ ብርቄ ከሾላ ገበያ ሙሉ ዘንቢል አንጠልጥለው ሲመጡ አየሁ... በእግራቸው።

እትዬ ብርቄ አከራዬ ናቸው። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ሰፈራችን ገርጂ ያኔ ግማሹ ቤት፣ ግማሹ የጤፍ ማሳ ነው። እትዬን ደግሞ ጉልበታቸው ክረምቱን ሙሉ ከአልጋ ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ አልጋ ብቻ ነው ያመላለሳቸው። ቤተ ክርስቲያን እንኳ የሚሄዱት ሰው ደግፏቸው ነው።

«እትዬ፣ ምን ተገኘ?» አልኳቸው ዘንቢሉን እየተቀበልኩ።

«እምነቱ ነዋ ልጄ። ያቺ ፈረንጅሽ ያስቀመጠችው። ልተኛ ስል እየተቀባሁት፣ ይኸው ቆምኩ።»

ክው አልኩ።

ፈረንጇ ሊንዳ ትባላለች። የዶክትሬት ጥናቷን የምትሠራው በሐይቅ ጭቃ ላይ ነው። እኔ ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩና አስተርጓሚም ረዳትም አድርጋ ቀጥራኛለች። ዝናብ በመጣ ቁጥር ከተራራው የታጠበ አፈር ሐይቅ ውስጥ ይገባና አንዱ ባንዱ ላይ ይተኛል። ከአፈሩ ጋር የአበባ ብናኝ አለ፣ የተቃጠለ እንጨት ፍርፋሪ አለ። ያንን በማይክሮስኮፕ እያየች ድሮ እዚያ ተራራ ላይ ምን ዛፍ እንደነበረ፣ መቼ ድርቅ እንደገባ፣ መቼ ጫካው ተመንጥሮ መታረስ እንደጀመረ ትለያለች።

ጥያቄዋ አንድ ነው... አፈራችንን ጠርጎ የወሰደው የአየሩ መለወጥ ነው ወይስ የእኛ ማረሻ? መልሱ ያለው ደግሞ የቅርቡ ዘመን የተኛበት የላይኛው ጭቃ ላይ ነው። እሱ ከተነካ የልፋቷ ነገር አበቃ ማለት ነው።

ጭቃውን ከቢሾፍቱ ወዲያ፣ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ሥር ካለች ትንሽ ሐይቅ ውስጥ ረጃጅም የፕላስቲክ ቧንቧ አንዱን ካንዱ ይበልጥ ወደ ታች እየሰደድን ነው ያወጣነው። ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል። ሊንዳ ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር ያረፈችበት ፔንሲዮን ሙቀቱ አይጣል ነው፤ የእትዬ የድንጋይ ጓዳ ግን በጋ ከክረምት ፍሪጅ ነው። ለምነናቸው እዚያ አስቀመጥነው።

ሊንዳ አማርኛዋን የምትለቅመው ከመዝገበ ቃላት ነው። ቧንቧዎቹን ጓዳው ውስጥ አቁማ ስትጨርስ፣ አደራ ማለት ፈልጋ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «እትዬ፣ እምነቴን እርስዎ ጋ አስቀመጥኩ» አለች። እኔ አማርኛዋ ተሻሻለ ብዬ ደስ አለኝ።

እትዬ የሰሙት ግን ሌላ ነው። ነገሩ አፈር ነው፤ የመጣው ከሚካኤል ሥር ነው፤ ስሙም እምነት ነው። ከቤተ ክርስቲያን መጥቶ በሽተኛ የሚቀባው አፈር ታዲያ ከዚህ ሌላ ምን ስም አለው? እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን እቀባው ነበር።

ሊንዳ ጭቃዋን ልትወስድ መኪና ይዛ ከች ያለችው በዚያው ሰዓት ነው። በነጋታው በራሪ ናት። የተዋስነው ጀልባ ተመልሷል፣ የተሰጣት ፈቃድ አብቅቷል፣ ሌላ ጭቃ የምታወጣበት ዕድል የላትም። የሆነውን ስነግራት ፊቷ አመድ መሰለ። ጓዳ ገብታ ቧንቧዎቹ ፊት ቁጢጥ አለች... ለመንካት ፈራች።

«በየት በኩል ነው የወሰዱት? ጠይቂልኝ» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

ጠየቅኳቸው። እትዬን ቅር አላቸው።

«ምነው፣ ሰረቅሁ እንዴ? እምነት ለበሽተኛ ካልሆነ ለማን ነው?»

«አይ እትዬ፣ እንደሱ አይደለም። ከላይ ነው ወይስ ከታች?»

«የላዩ ምን ያደርግልኛል? የታችኛው የጥንቱ ነው ያልሽኝ አንቺው አይደለሽም? የላዩማ የትናንት አፈር ነው። እምነት ደግሞ ሲቆይ ነው።»

እውነት ነው፣ ያስቀመጥን ዕለት ምንድነው ብለው ሲጠይቁኝ ይህንኑ ነግሬያቸዋለሁ። ኋላ አስተማሪ ሆኜም እንዲህ በጥሞና የሰማኝ ተማሪ አላጋጠመኝም።

ለሊንዳ ተረጎምኩላት። አንድ በአንድ አየች። የላይኛው ክዳን ከነፕላስተሩ እንደታሸገ ነው። ከመጨረሻው፣ ከጥልቁ ከወጣው ቧንቧ ግርጌ ብቻ አንድ እፍኝ የሚያህል ተዝቋል። የሄደው ከሁሉም የቆየው ጭቃ ነው፤ ጥናቷ ከመነሻው ትንሽ ቢያጥር ነው እንጂ መልሱ አልተነካም። መሬት ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና መሳቅ ጀመረች። እንባዋም ይወርዳል።

ሲወጣላት፣ «እባክሽ ንገሪያቸው» አለችኝ። «ተራ ጭቃ ነው። ማንም አልባረከውም። ቁስል ቢኖራቸው እንዳይቀቡት።»

ይህን መናገር ከበደኝ። እትዬ ገና ከሾላ በእግራቸው መምጣታቸው ነው። ደስታቸውን የምነጥቃቸው መሰለኝ። ቢሆንም ነገርኳቸው... ፈረንጇ አፍ አምልጧት ነው፣ እምነት ያለችው አደራ ለማለት ነው፣ ይሄ ዝም ብሎ የሐይቅ ጭቃ ነው አልኳቸው።

እትዬ ጉልበታቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉት። በርጩማ ላይ ተቀመጡ፣ ተነሡ፣ ደግመው ተቀምጠው ተነሡ። ምንም ሕመም የለም።

«እንግዲያ ማነው ያዳነኝ?» አሉ።

ተረጎምኩላት። ስለ ጥንት ድርቅ ከተነሣ እስኪመሽ አውርታ የማትጠግበው ሊንዳ እኔን አየችኝ። እኔም ጣሪያውን አየሁ።

«በይ የኔ ልጅ፣ በሰላም ግቢ» አሏት እትዬ፣ ቧንቧዎቹን መኪና ላይ ስንጭን የመኪናውን የኋላ ክዳን እየያዙልን። «ስትመለሺ ግን ከታችኛው ያዢልኝ።»

አፈራችንን ማን እንደጠረገው ሊንዳ በኋላ ደርሳበታለች፤ የእትዬ ብርቄን ጉልበት ማን እንዳዳነው ግን እስከ ዛሬ አጥኚ አልተገኘም።