ጫፉ ያላለቀው የሙሽራ ቀሚስ

ልብስ ሰፊው ሌላ ሰው በለካው ልክ ሠርቶ አያውቅም። «እጄ ያልነካውን ትከሻ አላምንም» ይላል፤ እልኸኛ ነው። ባሕር ማዶ የምትኖረው አንድያ ልጁ «አባዬ፣ ልኬን በስልክ ልንገርህና የሙሽራ ቀሚሴን ሰፍተህ ላክልኝ» ብትለው አሻፈረኝ አለ። ቀሚሱን ሰፋ አድርጎ ቆረጠና በሰፋፊ ስፌት ብቻ ያዝ ያዝ አደረገው። ቀሪውን እዚያው ሄዶ፣ እላይዋ ላይ ሊጨርሰው ነው።

ትኬት የተገኘው ለሰርጉ ዋዜማ ማታ ብቻ ነበር። ትኬት የምትቆርጠው ልጅ መንገዱ ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር፣ በረራው አስር ሰዓት እንደሚፈጅ ነገረችው። እሱም ወዲያው ደለደለው፤ ማታ ተነስቶ፣ አየር ላይ ተኝቶ፣ ጠዋት ደርሶ፣ እስከ ከሰዓቱ ሰርግ ድረስ ዘና ብሎ ይሰፋል።

«አባባ፣ እዚያ እኮ ሰዓቱ ይቀድማል» አለችው ትኬት ቆራጯ።

«ይቅደም! በአውሮፕላን አይደል የምሄደው? እደርስበታለሁ!»

እውነትም እንቅልፉን ለጥጦ ሲነቃ የእጅ ሰዓቱ ጠዋት ይል ነበር። ከአውሮፕላን ጣቢያው ሲወጣ ግን ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች። ልጁ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «አባዬ፣ ለሰርጉ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የቀረው!»

ክው አለ። ግን ብዙ አልቆየም። «ሁለት ሰዓት? እሱማ ተርፎኝ ሻይ እጠጣበታለሁ።»

«ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ፤ እኔ ደግሞ ካልለበስኩ አላምንህም» አለችው።

መኝታ ቤቷ ውስጥ ወንበር ላይ አቆማት። ቀሚሱ ወገቧ ላይ ዋለለ። በስልክ «ደህና ነኝ፣ ተመችቶኛል» እያለች የምትስቅለት ልጅ ከስታለች። መርፌ ቁልፎቹን በከንፈሩ ይዞ ትከሻውን አስተካከለ፣ ወገቡን አጠበበ፣ እጅጌውን ጨረሰ። የታችኛው ጫፍ ላይ ሲደርስ የሙሽራው መኪና ውጭ ጥሩምባውን ነፋ።

«ያላለቀ ልብስ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም» አለ እንደተንበረከከ።

«ማን ጎንበስ ብሎ ያየዋል?» ግንባሩን ስማው ወጣች። አዳራሹ በጭብጨባ ሲናጋ፣ ሰው ሁሉ ፊቷን ሲያይ፣ እሱ ያንን ጫፍ ብቻ እያየ አለቀሰ። ደስ ብሎት ነው፤ ከፍቶትም ነው።

በማግስቱ ገና ከመቀመጡ ቀሚሱን አምጪ አላት። አምጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ይሄን ስትጨርስ ትሄዳለህ፣ አይደል?»

«አዎ። ሱቁን ዘግቼ ነው የመጣሁት።»

የጫፉን ክር በጣቷ ትነካካለች። ጫፉ ግፋ ቢል የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ልብስ ሰፊው ቀሚሱን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ፣ አገላብጦ አየና መልሶ ጭኗ ላይ አስቀመጠው። «ወገቡም አላማረኝም» አላት፤ «ስፌቱን በሙሉ ፍቺው።»