እማዬ አልቀምስም ያለችው ኑድል

እማዬ በሰው ፊት አልቀምስም ያለችውን ምግብ ለምን ብቻዋን ተማረችው? ዛሬም መልሱን አላውቅም። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የገባበት የዓሣ መረቅ በሸተተኝ ቁጥር ግን ጥያቄው ይመለሳል፣ ከእሱም ጋር በሐይቅ ዳሯ ከተማችን ምሥራቅ ሰፈር የነበረው የቆርቆሮ ማዕድ ቤታችን።

አባዬ የመንገድ ማሽን መካኒክ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ለሥልጠና ቻይና ልኮት ሁለት ዓመት ቆይቶ የተመለሰው ክረምት ሲገባ ነው። እሱ በሌለበት እማዬ ጉሊት ስትውል ታናሽ ወንድሜን የማዝለው እኔ ስለነበርኩ፣ እኩዮቼ ፊደል ቆጥረው ሲጨርሱ እኔ ገና ቤት ነበርኩ። ዝናቡ ጣራውን ሲደበድብ አባዬን ከበን ስለዚያ አገር ሲያወራ እንሰማው ነበር። ስለ ፎቁና ስለ ባቡሩ ብዙም አይናገርም፤ የሚናገረው ከማደሪያው ጀርባ ስለነበረች ጠባብ ምግብ ቤት፣ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ፊቱን እየገረፈው ሄዶ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ በእንፋሎት ተከቦ ስለበላው ኑድል፣ ቋንቋ ሳይግባቡ ሊጥ መሳብ ስላስተማሩት ሽማግሌ ነበር። እማዬ ምስር እየለቀመች «ሽማግሌ» ትላለች፣ እንዳላመነች ድምፅዋ እያስታወቀ።

መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲደርቅ አባዬ አንድ ቅዳሜ ማዕድ ቤት ገባ። በሰፈራችን ወንድ ማዕድ ቤት የሚገባው ጣራ ሊጠግን ብቻ ነበርና፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ቻይና ባልሽን አስቀርታ ሠራተኛ ላከችልሽ እንዴ ብለው እማዬን አሾፉባት። አባዬ አልሰማም። የፉርኖ ዱቄቱን በጨው ውሃ አሽቶ፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ ካሳረፈው በኋላ፣ ሊጡን በሁለት እጁ ይዞ ሳበው፤ አጠፈና እንደገና ሳበው፤ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እየሆነ፣ ከጠረጴዛው ጋር ሲያላጋው ዱቄቱ እየቦነነ፣ እኔ ትንፋሼን ውጬ ስመለከት ያ ድቡልቡል ሊጥ በጣቶቹ መሃል የሐር ክር መሰለ። ቢላ አልነካውም፣ ማሽን የለም። ጸሎት ቤት ስለ ተአምር ሲሰበክ እሰማ ነበር፤ በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

ከሐይቁ ዓሣ በሠራው መረቅ ውስጥ አቀረበልን። እኛ ልጆቹ እንደ ፓስታ በእንጀራ እየጠቀለልን ስንጎርሰው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ እሱም በእንጀራ ጠቅልሎ ወደ እማዬ እጁን ዘረጋ። እትዬ ዘነበች ተጠርተው አብረውን ተቀምጠዋል። ጉርሻ አይመለስም፤ ያውም የባል፣ ያውም ሰው እያየ። እማዬ ግን ፊቷን አዞረች።

«ያስተማረችህን ሴት አጉርሳት» አለችው።

እጁ እንደተዘረጋ ቆየ፤ በኋላ ታናሽ ወንድሜን አጎረሰው። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ለእኛ ይሠራል፣ እሷን ግን ደግሞ አልጠየቃትም። እሷም ማዕድ ቤቱ በር ላይ ተቀምጣ ዳንቴሏን ትሠራለች። ስለ ጣራው፣ ስለ ውሃው ያወራሉ፤ ሳቅ የለም። አባዬ አንድ ጠዋት ሻንጣውን ይዞ ወደዚያ አገር ይመለሳል ብዬ እፈራ ነበር።

በጋ ገባ። ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ አቧራውን ሲያስነሳ፣ አባዬ መስክ በወጣበት ቀን፣ እማዬ ልጁን ይዤ ውጪ እንድጫወት አዝዛኝ ማዕድ ቤቱን ከውስጥ ዘጋችው። ነፋሱን ሸሽቼ ግድግዳው ጥግ ስጠጋ በሚስማር ቀዳዳ አየኋት። ሊጥ ይዛ ትስባለች፣ ይበጠሳል፤ መልሳ ታሻለች፣ ትስባለች፣ ይበጠሳል። ለካ ዳንቴሏ ላይ አቀርቅራ ሁሉንም ስታይ ከርማለች! አባዬ መስክ በወጣ ቁጥር በሩን መዝጋት ያዘች፣ እኔም ቀዳዳዬን።

አንድ ቀን ሳይበጠስ ቀረ። እንደ አባዬ አላላጋችውም፤ ፀጉር እንደምትጎነጉን ዝግ ብላ ሳበችው፣ ክሩም እየረዘመ፣ እየበዛ፣ በቆርቆሮው ሽንቁር በገባች ቀጭን ብርሃን ውስጥ እያበራ ወረደ። ከአባዬ ክር የቀጠነ መሰለኝ፤ በሚስማር ቀዳዳ ያየሁትን ግን እንዲህ ነው ብዬ አልምልም። ቀቅላ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ አንዲት ሳታስቀር በላችው፤ ድስቱን አጥባ ደፋችው። ማታ አባዬ ምሳ ምን እንደነበር ሲጠይቅ ሽሮ አለችው። እኛ ልጆቹ የበላነው በእርግጥ ሽሮ ነበር።

በቀጣዩ መስከረም ከእኔ ከሚያንሱ ልጆች ጋር አንደኛ ክፍል ገባሁ። የአባዬ መስክ በዛ፣ ቅዳሜዎቹም እየሳሱ ቀሩ። አልሄደም፤ እማዬ እስክትሞት አብረው ኖሩ፤ በፊቱ ግን አልቀመሰችለትም።

ዛሬ ሐይቅ ዳር ያሉ ሆቴሎች ኑድል በጎድጓዳ ሳህን ያቀርባሉ፣ የሱቅ ልጆችም የታሸገውን ከፌስታሉ አውጥተው በፈላ ውሃ ያደርሱታል። በልቻለሁ፤ አይከፋም። ያኔ ግን ሳልጎርስ በፊት የአባዬን እጅ አይቼ እጠግብ ነበር፤ ዛሬ ሳህኑ ሞልቶ ይመጣል፣ እጅ አላይም።

የእማዬ ለቅሶ ድንኳን በተነሳ ማግስት፣ አባዬ በረንዳው ላይ ብቻውን ተቀምጦ ሳለ፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ በሚስማሩ ቀዳዳ ያየሁትን ነገርኩት።

«ዱቄቱ ሲጎድል አይቼ ነበር» አለ። «ለእህቷ የምትሰጥ መስሎኝ ተውኩት።»

ወደ እኔ ሳይዞር «በላችው?» አለኝ።

«ጨርሳ ነው የበላችው፣ አባዬ።»

ጋቢውን ሰብሰብ አደረገ። ከዚያ ሊጡን እንዴት እንደያዘችው፣ ክርኗን አስጠግታ ይሁን ዘርግታ፣ የቱ ጋ ይበጠስባት እንደነበር አንድ በአንድ ጠየቀኝ፤ እኔም ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ መለስኩለት፤ እንዲህ ስለ እጆቿ ስናወራ መሸብን።