የእህቴ ጥርስና የአባባ ወገን

በአባባ ወገን የታች ጥርስ ከላዩ ይቀድማል። አፍ ሲገጠም የታቹ ወጥቶ ከፊት ይቆማል። አባባ እንደዚያ ናቸው፣ እህታቸው እንደዚያ ናቸው፣ እኔም እንደዚያ ነኝ። ቦንጋ ስማር «መሳቢያ» ነበር የሚሉኝ። ተከፍቶ የቀረ መሳቢያ ማለታቸው ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ አንዱን አፉን በቡጢ አልኩትና ተባረርኩ፤ አናጢዎች ማኅበር ገባሁ።

ታዲያ የትንሿ እህቴ የወተት ጥርስ ወልቆ አዲሱ የላይ ጥርስ ከታቹ ኋላ ብቅ ሲል ሳይ ደሜ ፈላ። በመስከረም ትምህርት ቤት ልትገባ ነው። እጇን ይዤ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት።

አካሚው ድሬሰር አፏን ከፍቶ አየ።

«በጊዜ አመጣሃት። ገና ግማሹ ነው የወጣው። ወጥቶ አልቆ ከታቹ ኋላ ከተቆለፈ ግን እኔ አላውቅልህም፣ አዲስ አበባ ነው።»

ምላስ የሚጫንበትን ጠፍጣፋ እንጨት አወጣ። የእንጨቱን ጫፍ ከላይ ጥርሷ ኋላ አስገብቶ፣ የታቹን መደገፊያ አድርጎ አስነከሳት። «በቀን ብዙ ጊዜ እንዲህ ትንከስ። ወደ ፊት ይገፋዋል።»

«ስንት እንጨት ትሰጠኛለህ?»

«ሁለት። የመንግሥት ንብረት ነው ጓድ።»

ሁለቱን በሁለት ቀን አኝካ እንደ ሸንኮራ ምጣጭ አደረገቻቸው። እኔም ከማኅበሩ የዋንዛ ቁራጭ ለቅሜ ጠረብኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ። ይሄ ቀላሉ ነበር። ከባዱ አባባ ናቸው።

«ጥርሷ ምን ሆነ?»

«ወደ ኋላ ገባ፣ አባባ።»

«የኔም እንዲሁ ነው። በዚህ ጥርስ ስንት ዘመን ቆሎ በላሁ። ምን ጎደለኝ?»

«ይሳቁባት?»

«በኔ የሳቀ የለም» አሉ። ማን ይስቃል? የቀበሌ ጥበቃ ናቸው፣ ጠመንጃ አንግተው ነው የሚዞሩት።

ሥራ ውዬ ስመለስ እንጨቱ የለም። አንድ ቀን ጓሮ አገኘዋለሁ፣ አንድ ቀን ከአልጋ ሥር። «ማን አነሳው?» ስል፣ እህቴ ናት ቀስ ብላ «አባባ ተዪው አሉኝ» የምትለኝ።

ይሄ አልበቃ ብሎ አክስቴ ከአባባ አገር ከደካ መጡ። ገና ከመቀመጣቸው እንጨት ነክሳ አዩዋት።

«ይሄ ልጓም ምንድን ነው?»

አስረዳኋቸው። ጭራሽ ባሰባቸው። «እኛን ጠልተህ ነው። ደካ ብትመጣ የማን ልጅ ናት የሚል የለም፣ አፏን አይቶ ያውቃታል። አሁን በምን ይወቋት?»

«ስሟን ትንገራቸው እትዬ፣ አፍ አላት።»

«አፍ ያለህስ አንተ ነህ» አሉና እንጨቱን በእጃቸው አውጥተው ቆሎ ዘገኑላት።

ከዚያ በኋላ ቤት ትቻት አልወጣሁም። በየቀኑ ማኅበር ይዣት ሄድኩ። ፍቅፋቂ ላይ ተቀምጣ ትነክሳለች፣ እኔ መላጊያ እገፋለሁ። ካወጣችው አቆማለሁ። ሊቀመንበሩ «መዋዕለ ሕፃናት አደረግኸው እንዴ?» አለኝ። የፈለገውን ይበል።

«ጋሼ፣ አንተስ ለምን አልነከስክም?»

«ለኔ እንጨት የሰጠኝ የለም። ንከሺ።»

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ጥርሱ ከታቹ ጋር ጫፍ ለጫፍ ሆነ፤ በሳምንቱ አልፎት ከፊት ቆመ። ድሬሰሩ አይቶ ራሱን ነቀነቀ፣ «በርትታችኋል። መንጋጋዋን ወደ ፊት መግፋት እንዳትለምድ ብቻ፣ ይመለሳል» አለኝ። በደስታ ቤት አምጥቼ ለአባባ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩዋት።

«እንግዲህ የእናትሽ ወገን ሆንሽ» አሉና ጠመንጃቸውን ይዘው ወጡ። ልጅቷ ምሳ አልበላችም።

በማግስቱ አባባ ሲገቡ ፊታቸው ቆመች። «አባባ፣ እዩኝ» ብላ መንጋጋዋን ወደ ፊት ገፋችው። ልክ እሳቸው። አባባ እስኪያስላቸው ሳቁ፣ አቅፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጧት። እኔ እዚያው ቆሜ ራሴን ይዣለሁ። ያ ሁሉ ዋንዛ፣ ያ ሁሉ ንትርክ።

ከዚያ ወዲያ አባባ በገቡ ቁጥር ትገፋለች፣ እሳቸው ይስቃሉ፣ እኔ እጮኻለሁ። ትምህርት ቤት የገባች ዕለት እኔ ነኝ ያደረስኳት። መንገዱን ሙሉ መንጋጋዋን ገፍታ።

«መልሺው» እላለሁ። አትሰማም። «መሳቢያ ይሉሻል፣ ሰማሽኝ?» አትሰማም።

በሩ ጋ ልጆቹ ተሰልፈው ስታይ ቆም አለች። አፏን ገጠመች፣ ጥርሷን ቦታው መለሰች።

«ያኛው ለቤት ነው፣ ጋሼ» አለችኝና ሰልፉ ውስጥ ገባች።