ዋጋ ጠያቂዋና የወንድሟ ቦንድ

ገበያው ውስጥ የሚወዳት ሰው አልነበረም። ሥራዋ ከሱቅ ሱቅ እየዞረች የዘይቱን፣ የሳሙናውን፣ የሽንኩርቱን ዋጋ ጠይቃ ለስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ማስገባት ነው። ነጋዴው ግን ግብር ልታስጭንበት የመጣች ስለሚመስለው ገና ከሩቅ ሲያያት ፊቱን ያጠቁራል። አንዱማ "መጣች ደግሞ፣ ዓይኗን ላፈር!" ይላል እየሰማችው። እሷም ደንታ አልነበራትም፤ ምንም ሳትገዛ ጠይቃ፣ ሳታመሰግን ትወጣለች።

ታናሽ ወንድሟ ልብስ ሰፊ ነው። ያጠራቀማትን ሁሉ የመንግሥት ቦንድ ገዝቶባታል። የሚሰፋበትን ክፍል ባለቤቱ ልሽጥልህ ሲለው፣ ቦንዱን ሸጦ ሊከፍል ተነሣ። ዕድሉ ሆነና በዚያው ሳምንት የኑሮ ውድነቱ አኃዝ ሰማይ ነክቶ ወጣ። ብሔራዊ ባንኩም ገንዘቡን ሰብሰብ ላድርግ ብሎ ወለድ ጨመረ። አዲሱ ቦንድ ዳጎስ ያለ ወለድ እየከፈለ የሱን አሮጌ ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ቦንድ የሚያሻሽጠው ደላላ ከገዛበት ዋጋ ሩቡን ቆርጦ ጠራለት። እሱ ደግሞ በዚህ ኪሳራስ ሞቼ ነው የምሸጠው ብሎ ቦንዱን ታቅፎ ቀረ። ክፍሉ ለሌላ ሰው ተሸጠ።

ወንድሟ እቤቷ ድረስ መጣባት።

"አንቺ ነሽ!" አላት። እስከዚያ ቀን ድረስ ከእትዬ በቀር ጠርቷት አያውቅም። "ዘይት ተወደደ፣ ሽንኩርት ተወደደ እያልሽ የምታሳብቂው አንቺ አይደለሽ? አንድ ወር ዝም ብትዪ ምን ነበረበት?"

"እኔ ብቻዬን ነኝ እንዴ? በየከተማው ስንትና ስንት ሰው ነው የሚጠይቀው!"

"ሌላው እህቴ አይደለም።"

እሷም እልኸኛ ናት። "እና ዋሽቼ ልጻፍልህ ነበር?"

"አዎ!" አለ ኀፍረት የሚባል ሳይነካው፣ በሩን ወርውሮባት ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ሆድና ጀርባ ሆኑ። እሱ በየደረሰበት ስሟን እያነሣ ይረግማል። እሷም ደንቆሮ ነው፣ የቦንዱ መክፈያ ቀን እስኪደርስ ቢጠብቅ ሙሉ ገንዘቡን ይሰጡት የለም ወይ እያለች ለጎረቤት ታማዋለች። እውነቷን ነው፤ ክፍሉ ግን ቀን አይጠብቅም ነበር።

በወሩ የልብስ ሰፊዎቹ ተራ ደረሰ። ከተመደቡላት ሱቆች አንዱ የሱ ነው። ሌላ ሰው ይላክልኝ ብትል አለቃዋ አሻፈረኝ አላት። ገባች።

"ቀሚስ ማሰፊያ ስንት ገባ?"

ከስፌት መኪናው ቀና አላለም። "እጥፍ። አዲሱ ባለቤት ኪራይ ቆልሎብኛል። ጻፊ።"

እስክሪብቶዋን ያዝ አደረገችው። "ስማኝ ወንድሜ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ አኃዙ ከናረ ባንኩ ደግሞ ወለድ ይጨምራል። የያዝከው ቦንድ ከዚህም ይወርዳል።"

"አልዋሽም አላልሽም? ጻፊ!"

ጻፈች። መሄድ አማራት፤ ግን ገና አልጨረሰችም።

"ሱሪስ?" አለችው።