የኦቦ ተርፋሳ ጽዋ

«አንቺንም ጽዋውንም ያበላሹት ኦቦ ተርፋሳ ናቸው» አለኝ ቄስ ዲንሳ፣ ፊት ለፊት። ነቀምቴ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ አርጆ የተመለስኩ ሰሞን ነው። እሁድ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጓዳ ጠርቶኝ፣ ለምን ወደ ቅዱስ ቁርባን እንደማልቀርብ እየጠየቀ የቁርባኑን ሳጥን ከፈተ። የኮመጠጠ ዘቢብና የአመድ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ለጊዜው የሚለውን አልሰማሁም።

ኦቦ ተርፋሳ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ወንጌላዊ። ቤተ ክርስቲያኗን ማገር ማግረው፣ ጭቃ ረግጠው ያቆሟት እሳቸው ናቸው። መጽሐፉን በአማርኛ ያነቡና በኦሮምኛ ይሰብካሉ፤ ከሸዋ የመጣው አባቴ እንኳ፣ ኦርቶዶክስነቱን ይዞ፣ በመስኮት በኩል ቆሞ ይሰማቸው ነበር። ሚሲዮኖቹ የሰጧቸው ካፖርት ሰፊ ነው፤ እጅጌው ጣታቸውን ይውጣል፣ ዝናብ ሲነካው እንደ በግ ይሸታል። ቄስ ግን አልነበሩም። ፊደል ያስቆጠሯቸው ልጆች ሴሚናሪ ገብተው፣ እጅ ተጭኖባቸው ቄስ ሲሆኑ፣ እሳቸው «ትምህርት ይጎድላቸዋል» ተብለው እዚያው ወንጌላዊነታቸው ላይ ቀሩ። ዲንሳ ራሱ ሀ ሁን የለየው እሳቸው ጉልበት ሥር ተቀምጦ ነው።

ያኔ ቁርባን ለማቀበል ቄስ ከነቀምቴ በላንድሮቨር ይመጣል፤ በስንት ወር አንዴ። ጽዋው የሚያድረው ኦቦ ተርፋሳ ዘንድ ነበር። ቄስ መጣም ቀረም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደጃፋቸው ላይ በርጩማ አውጥተው በአመድና በሎሚ ይፈገፍጉታል። አመዱን የምነፋው እኔ ነኝ።

አንዴ የጎረቤት ጨቅላ ሊሞት ሲያጣጥር ከእንስራችን ውሃ አስቀድተው ራሳቸው አጠመቁት። «ማጥመቅ ከቻሉ ማቁረብ ለምን ያቅትዎታል?» አልኳቸው። አፌ ያኔም አያርፍም።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ሞት ሲቸኩል ውሃው ለማንም ክርስቲያን ተፈቅዷል። ጽዋው ግን እጅ ለተጫነበት ነው።»

ከዚያ አንድ ክረምት ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ታመሙ። እብጠቱ ከእግራቸው ተነስቶ ሆዳቸው ላይ ደረሰ። መድኃኒት አልጠየቁም፤ ቁርባን ጠየቁ። ኦቦ ተርፋሳ ነቀምቴ ሰው ላኩ። የተላከው ሰው እስከ ወገቡ ጭቃ ሆኖ ተመለሰና «ቄስ ዲንሳ ‹መንገዱ ሲደርቅ እመጣለሁ› ብሏል» አለ። የጨው ነጋዴዎች በቅሎዎች ግን በዚያው ጭቃ ሳምንቱን ሙሉ ሲገቡ አይቻለሁ።

ኦቦ ተርፋሳ ለቁርባኑ ወይን ዘቢብ ዘፈዘፉ። ኮመጠጠ። ደፉትና ሌላ ዘፈዘፉ። ቤቱ ሁሉ ያ ሽታ ሆነ። የጉባኤው ሽማግሌዎች እየመጡ ተቆጧቸው፤ «እግዜር ጭቃውን አያይም እንዴ? ይስጧት!» እሳቸው ከአልጋው አጠገብ ተንበርክከው መዝሙረ ዳዊት ያነባሉ።

አዴ ጫልቱ ሞት አፋፍ ላይም ቀልድ አይተዉም። «ስማ ተርፋሳ፣ ዕድሜ ልካችንን ከአንድ ገበታ በልተን፣ ዛሬ አላጎርስሽም ትለኛለህ?»

የኦቦ ተርፋሳ እንባ በጢማቸው ወረደ። ተነስተው ሳጥኑን ከፈቱ፤ ጽዋውን አወጡ። እኔ በሩ ሥር ቆሜ አያለሁ። በካፖርታቸው እጅጌ ወለወሉት። ከዚያ መልሰው አስቀመጡት።

«ይሁን እሺ» አሉ አዴ ጫልቱ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በማግስቱ ቀበርናቸው።

ቄስ ዲንሳ መስቀል ካለፈ በኋላ መጣ። መቃብሩ ላይ ጸለየ፣ ቁርባንም አቀበለ። ሰው ሁሉ ሲቀርብ ኦቦ ተርፋሳ ከኋላ አግዳሚ አልተነሱም። ማንንም አልከሰሱም፣ ማንንም አልተቀየሙም፤ ዝም ብለው መቅረብ ተዉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጽዋውን መፈግፈጉን ግን አልተዉም፤ እንዲያውም ባሰባቸው። «ኦቦ፣ ጠርቷል እኮ!» ብላቸው አይሰሙኝም። የብሩ ቅብ ተላጦ መዳቡ ብቅ አለ። በኋላ እሳቸውም ለሞት ታመው ሲተኙ ቄስ ዲንሳ ጽዋውን ይዞ ደረሰ፤ በጋ ነበር፣ መንገዱም ደረቅ። ኦቦ ተርፋሳ ጽዋውን አዩት፣ እሱንም አዩት፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አሁን ያ ጽዋ ቄስ ዲንሳ እጅ ላይ ቀልቷል። «እይው፣ አመድ በልቶ ጨረሰው። አዲስ መጥቶልናል፣ ይሄ ከእንግዲህ ለምንም አይሆንም» አለኝ። ቀጥሎ ድምፁን አለሰለሰ፤ «ዛሬስ ትቀርቢያለሽ?»

«ያን ክረምት በቅሎ አጥተው ነው?» አልኩት።

ውጭ፣ ዛፉ ላይ የተሰቀለው የመኪና ቸርኬ ተደወለ፤ ሰው መግባት ጀመረ። ጽዋውን ከእጁ ተቀብዬ በነጠላዬ ጫፍ ወለወልኩት፣ ሳጥኑ ውስጥ መልሼ ከደንኩት። በሚገቡት ሰዎች መሀል እየተጋፋሁ ወጥቼ፣ የነቀምቴ አውቶቡስ ወደሚቆምበት ሄድኩ።